ጥቁር ብረት

ሦስት ሆነው መጡ፣ ክረምት ሊወጣ ሲል፤
አንዱ ጊታር አዝሎ፣ አንዷ ሳህን ሚመስል
ነሐስ በጆንያ ጠቅልላ ሸክፋ፣
ሦስተኛው ዝም ብሎ፣ በዓይኑ ሰው ሲገፋ።

«ጥቁር ብረት ነበር...» አለ ባለጊታሩ።
ጥግ የቆሙትን አሳየሁት ከበሩ፦
«አርባ በአርባ አለ፣ አንግል አለ፣ ላሜራ፤
ለበር ነው ለመስኮት? ንገሩኝ በተራ።»

ሳቁ።
ሙዚቃ ነው አሉኝ፣ የሙዚቃ ዘር፣
ከፓንክ የተዳቀለ፣ ከክረስት ሰፈር።
«ክረስት» ሲሉኝ ደግሞ ክርስትና መስሎኝ
«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት ደስ ብሎኝ።

ሰባት ሌሊት ፈለጉ ቤቴን።
አውቶፓርኮ ነው፣ ከጋራዦቹ ኋላ፣
ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ጥላሸት የበላ።
«ስቱዲዮ የለም ወይ ፒያሳ?» ብላቸው
«ንጹሕ ድምፅ አንሻም» አለች ከመሃላቸው
ትርንጎ፣ ከበሮ መቺዋ፤ «ዝገቱ ይቀረጽልን፣
ቆርቆሮው ይንቀጥቀጥ፣ አንተ ብቻ ፍቀድልን።»

ዝምተኛው ናሁሰናይ
ድጓ ተምሮ ነበር፣ ከቁስቋም ማዶ ላይ።
ዜማው አልሆን ብሎት፣ ድምፁ ቢሰበር፣
መምህሩ «ልጄ ሆይ፣ ይብቃህ» ብለውት ነበር።
ያው የተሰበረው ከጉሮሮው ሲወጣ
ግራይንደሬ እንኳ አያውቅም እንዲያ ያለ ቁጣ።
ማንደፍሮ ጊታሩን እንደ ንብ ያስጮኸዋል፤
ንብም አይደለም፣ ቀፎ ሲቃጠል ይመስላል።
ትርንጎ ደግሞ
ትሮጣለች፣ ቁጭ ብላ።
መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር፤ እሱም ገባ ከዜማው፣
ማንም አላስወጣው።

በአምስተኛው ሌሊት፣
ሰዓት እላፊው ገብቶ፣ መንገዱ ጸጥ ባለበት፣
አራተኛው ዜማ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር፣
ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ በር።

«ክፈት!»
ሦስት ሚሊሻ፣ ባትሪ፣ የውሻ ጩኸት።
«ጥቁር ብረት አለ፣ በዚህ ቤት ተብሏል፤
ጠቋሚው የታመነ ነው፣ በጆሮው ሰምቷል።
አውጣ!»
ምላሴ ደረቀ፣ ላብ በጀርባዬ ወጣ።
እነሱ ብረት ሲሉ ሌላ ነው፣ ይገድላል፤
እኔ ብረት ስል በር ነው፣ ይዘጋል ይከፈታል።
የልጆቹ ብረት ግን—
ማን ያስረዳል እሱን፣ አፈሙዝ ፊት ሲሆን?

ፈተሹ። ከላሜራው ሥር፣ ከጀሪካኑ፣
ከኤሌክትሮድ ካርቶን፣ ከከበሮው ጎኑ።
ምንም።
ሽማግሌው ሚሊሻ፣ ስሙ አስረበብ ነው፣
ናሁሰናይን አየና «ምንድነው የምትለው?
ግማሽ ሰዓት ከደጅ ቆሜ
አንድ ቃል አልለየሁም» አለው።

ልጁ ደብተር አወጣ። ሳይጮኽ አነበበ፦

«ልጄ በሄደበት በሩ አልተዘጋም፣
ማጠፊያው ዛገ እንጂ ሰው ግን አልመጣም።
ዘይት አትቀቡብኝ፣ ይጩኽ ማጠፊያው፣
የቤቱ ልቅሶ ነው፣ ሌላ አልቃሽ የለው።»

አስረበብ ዝም አለ። ጠመንጃውን ካንዱ
ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።
«እንዲህ ስትለው ይገባል፤ ለምን ትጮኸዋለህ?»
«እንዲህ ብለው» አለ ልጁ፣ «በሩን ታንኳኳለህ?»

አልበሙ ወጣ። «ዝገት» ነው ስሙ። ስምንት ዜማ፣
በፍላሽ ይሸጣል፤ ሃያ ሰው ሰማ ወይ አልሰማ።
«ሽፋኑ ላይ ግንቡን?» ብላቸው ማንደፍሮ ሳቀ፤
የኔን ቁርጥራጭ ክምር አነሳ፣ የዛገ፣ የወደቀ።
አራተኛው ላይ፣ ሊያልቅ ሲል፣ ያቺ ቋ ቋ አለች፤
ትርንጎ አልቆረጠቻትም፤ «ምቱ ላይ ነው የገባች።»
አሁን ብረት ስቆርጥ እጄ ምት ይቆጥራል፤
ሚስቴ «ምን ነካህ?» ትላለች፤ እግሬም ይመታል።

ትናንት አስረበብ መጣ፣ ብረቱን ሳይዝ፣ በጠራራ፤
«ያቺን እኔ ያለሁባትን...» አለ፣ ሰው እንዳይሰማው ሲፈራ።
ማዳመጫውን ሰጠሁት።
ላሜራው ክምር ላይ ቁጭ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤
ዘይቱ ጋ ሲደርስ ፊቱ ድንጋይ ሆነ።
ከዚያ ቋ፣ ቋ፣

ቋ።
ብድግ አለ፣ ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንዳለ፤
ወደ ተከፈተው በሬ ዞሮ
«ማነው? ግባ!» አለ።